ዊሊ ኦሪ ከሁሉ በፊት ተጫዋች ነበር፦ ለአንድ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ዊሊ ኦሪ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔም የላከልኝ ሰው አንድ ሁለት አይደለም። «አንተ ሆኪ ትከታተላለህ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» ነው የሁሉም ጥያቄ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ እዚህ ብጽፈው ይሻላል።

ኦሪን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልበል። በ1935 ካናዳ ውስጥ በፍሬደሪክተን ከተማ ተወለደ። በሰሜን አሜሪካው ትልቁ የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። የቦስተን ብሩይንስን ማሊያ ለብሶ የገባው ጃንዋሪ 18 ቀን 1958 ነው። የመስመር አጥቂ ነበር። (ቀኑንም ዓመቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ጽሑፉ የሚለው ሲጠቃለል ይህ ነው። ሰውየው በኤንኤችኤል የተጫወተው 45 ጨዋታ ብቻ ነው፣ ያገባውም 4 ጎል ነው፣ ስለዚህ ስሙ የተነሳው በቆዳ ቀለሙ እንጂ በጨዋታው አይደለም። ካናዳ ውስጥ ጥቁር እንዳይጫወት የሚከለክል ሕግ ስላልነበረ ሰበረው የተባለው አጥር በቦታው አልነበረም። አንድ ዓይኑ እንደማያይ ደብቆ መጫወቱ ማጭበርበር ነው። ከ1961 በኋላ በትንንሽ ሊጎች ሲንከራተት ጊዜውን ጨረሰ። በ2018 ወደ ሆኪ የዝነኞች አዳራሽ መግባቱና በ2022 ብሩይንስ ሌላ ተጫዋች እንዳይለብሰው ብለው መለያ ቁጥሩን መስቀላቸው የይቅርታ ስጦታ ነው። መጨረሻ ላይም ካናዳና አሜሪካ የምንኖር ወላጆች ለልጆቻችን ስለ ኦሪ ከማውራት ከእሱ በኋላ ስለመጣው ጥቁር ኮከብ አጥቂ ስለ ጃሮም ኢጊንላ ብናወራ ይሻላል ይላል።

ጸሐፊው ያነሷቸው ቁጥሮች ትክክል ናቸው። 45 ጨዋታም፣ 4 ጎልም እውነት ነው። የማልስማማው ቁጥሮቹን ያነበቡበት መንገድ ላይ ነው። ሰውየውን ሁሉም እንደ ምልክት ነው የሚያየው። የሚያደንቁትም ምልክት ነው ብለው ያደንቁታል፣ ጸሐፊውም ምልክት ብቻ ነው ብለው ይነቅፉታል። 21 ዓመት በበረዶ ላይ እንጀራውን የበላው አጥቂ ግን በሁለቱም በኩል ተረስቷል። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ከ45ቱ ጨዋታ ልጀምር።

ዛሬ ኤንኤችኤል 32 ክለቦች አሉት። በኦሪ ዘመን ስንት ነበሩ? ስድስት። ቦስተን፣ ሞንትሪያል፣ ቶሮንቶ፣ ዲትሮይት፣ ቺካጎና ኒውዮርክ። በቃ። አንድ ክለብ ሃያ ገደማ ተጫዋች ይይዛል ብንል በመላው ሊግ ያለው የሥራ ቦታ 120 አካባቢ ነው። ያንን ቦታ የሚፈልገው ደግሞ ካናዳ ውስጥ በረዶ ላይ ያደገ ወጣት ሁሉ ነው። ከሊጉ በታች ባሉት የፕሮፌሽናል ሊጎች ዛሬ ቢሆን ኤንኤችኤል ያለማመንታት የሚያስፈርማቸው ተጫዋቾች ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ለአንድ ሳምንት ተጠርተው የተመለሱ አሉ። ጨርሶ ያልተጠሩም አሉ። በዚያ ዘመን 45 ጊዜ ሜዳ መግባት ማለት የተመረጡት መሐል መግባት ማለት ነው።

የገባበትን ቡድንም እንይ። በጃንዋሪ 1958 በታችኛው ሊግ ከሚጫወተው ከኩቤክ ኤስስ ክለብ ተጠርቶ ሲመጣ የመጀመሪያ ጨዋታው ሞንትሪያል ፎረም ላይ ከካናዲያንስ ጋር ነበር። ካናዲያንስ ማለት ከ1956 እስከ 1960 የኤንኤችኤል ሻምፒዮን የሚወስደውን የስታንሊ ዋንጫን በተከታታይ አምስት ጊዜ የወሰደው ቡድን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በኋላ ማንም አልደገመውም። ብሩይንስ በዚያ ምሽት በካናዲያንስ ሜዳ 3 ለ 0 አሸነፉ። በዚያው የውድድር ዘመን ለዋንጫ የተፋለሙትም እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ኦሪ የተጠራው እንግዲህ ለፍጻሜ ወደደረሰ ቡድን ነው። ማንም ሰውን በቀለሙ አዝኖለት እዚያ አያስገባውም።

ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ ተመለሰ። ቀሪዎቹ 43 ጨዋታዎች በ1960–61 የተደረጉ ናቸው። በዚያ ዓመት ብሩይንስ ከስድስቱ ክለቦች መጨረሻ ሆነው ጨረሱ። 70 ጨዋታ አድርገው ያሸነፉት 15ቱን ብቻ ነው። አራቱም ጎሎች፣ ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳቸው አሥር አሲስቶችም (ጎል እንዲገባ ያቀበላቸው ኳሶች እንደማለት ነው) የመጡት በዚህ ቡድን ውስጥ ነው። በጥሩ ቡድን ውስጥ ቢሆን ብዙ ያገባ ነበር እያልኩ አይደለም። ያንን ማንም አያውቅም። አራት ጎል አራት ጎል ነው። ግን ቁጥር ከተጠቀሰ ሙሉውን መጥቀስ ነው።

ከአራቱ አንዷን ላንሳ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1961፣ የአዲስ ዓመት ቀን፣ ቦስተን ጋርደን። ተጋጣሚው አሁንም ካናዲያንስ ነው። ኦሪ ፍጥነቱ የታወቀ ነበር። የሞንትሪያልን ተከላካዮች አልፎ ፓኳን መረቡ ውስጥ ከተታት። (ፓክ የሚባለው ከጠንካራ ላስቲክ የተሠራው፣ በሆኪ የኳስን ቦታ የያዘው ክብ ነገር ነው።) ብሩይንስ 3 ለ 2 አሸነፉ። በኤንኤችኤል ታሪክ በጥቁር ተጫዋች የተቆጠረች የመጀመሪያ ጎል ናት። የቦስተን ሕዝብ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። አጥቂ የሚመዘነው ከማን ጋር ሲጫወት ባገባው ከሆነ፣ ይቺ ጎል የገባችው በቀላል ቡድን ላይ አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። «አጥሩ አልነበረም» የሚለው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። በኤንኤችኤል የተጻፈ የቀለም ክልከላ አልነበረም። ኦሪ ራሱም ስድቡ ከሞንትሪያልና ከቶሮንቶ ይልቅ በአሜሪካ ከተሞች ይብስ እንደነበር ተናግሯል። ወደ ደቡብ ተመለስ ይሉት ነበር። ጥጥ ለምን አትለቅምም ይሉት ነበር። ቺካጎ ላይ አንድ ተጫዋች በዱላው እጀታ ፊቱን መትቶ ሁለት የፊት ጥርሶቹን አውልቆ አፍንጫውን ሰበረው። ኦሪም በዱላው መልሶ መታው። ሜዳው በጠብ ታመሰ። ደም እየፈሰሰው ወደ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ተወሰደ። ከአፍ የጀመረ ስድብ እዚህ ድረስ ነበር የሚሄደው። ይህንን ሁሉ ጸሐፊው «የሆኪ ጨዋታ ጠባዩ ነው» በሚል መንፈስ አልፈውታል። ሆኪ ጠብ አለበት፣ ልክ ነው። ነገር ግን በየጨዋታው ቀለሙ እየተጠራ የተተነኮሰ ሌላ ተጫዋች በዚያን ጊዜ ሊጉ ውስጥ አልነበረም።

ስለ ካናዳ የተባለው ግን ልክ አይደለም። ሕግ አለመኖሩ መንገዱ ክፍት ነበር ማለት አይደለም። ካናዳ የምትኖሩ የአሥር ዶላሩን ኖት አውጡና እዩት። ከ2018 ጀምሮ ፊቷ የታተመው ቫዮላ ዴዝመንድ በ1946 ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ሲኒማ ቤት የነጮች በሚባለው በኩል ተቀምጣ አልነሳም በማለቷ ተጎትታ የወጣች ሴት ናት። የታሰረችው በቀለም ክልከላ ሕግ አይደለም። የአንዲት ሳንቲም ግብር አጉድለሻል ተብላ ነው። ያልተጻፈ ሕግ እንዲህ ነው የሚሠራው። ምክንያቱ ሁልጊዜ ሌላ ነገር ይሆናል።

በሆኪም ይኸው ነው። ሄርብ ካርኔጊ የሚባል ሰው ነበር። በ1919 ቶሮንቶ የተወለደ፣ ወላጆቹ ከጃማይካ የመጡ የመሐል አጥቂ። በኩቤክ ሊግ ሦስት ዓመት በተከታታይ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። በኩቤክ ኤስስ ከወጣቱ ዣን ቤሊቮ ጋር አብሮ ተጫውቷል። ያ ቤሊቮ በኋላ በካናዲያንስ ከሆኪ ታላላቆች አንዱ ሆነ። ካርኔጊ ግን አንድም ቀን ኤንኤችኤል ውስጥ አልገባም። በ1948 ኒውዮርክ ሬንጀርስ ለሙከራ ጠሩት። ያቀረቡለት ውል ግን በታችኛው ሊግ ሆኖ ኩቤክ ውስጥ ከሚያገኘው ገንዘብ ያነሰ ነበር። ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነው፣ እምቢ አለ። ጸሐፊው «ጥሩ ጥቁር ተጫዋች ቢገኝ ክለቦቹ ያስፈርሙት ነበር» ሲሉ ካርኔጊን የት ሊያስቀምጡት ነው? እሱም በ2022 ነው የዝነኞች አዳራሽ የገባው። ከሞተ አሥር ዓመት በኋላ።

ካርኔጊን ትቼ ቁጥር ብቻ ልጥቀስ ብልም ነገሩ አይለወጥም። የኦሪ የመጨረሻ የኤንኤችኤል ጨዋታ በ1961 ነበር። ሁለተኛው ጥቁር ተጫዋች ማይክ ማርሰን ከዋሽንግተን ካፒታልስ ጋር የገባው በ1974 ነው። በመሐሉ አሥራ ሦስት ዓመት አለ። በቤዝቦል የቀለም አጥሩን የሰበረው ጃኪ ሮቢንሰን በኤፕሪል 1947 ሲገባ ሌላው ጥቁር ተጫዋች ላሪ ዶቢ በዚያው ዓመት በጁላይ ተከትሎታል። ጸሐፊው ኦሪን «የሆኪው ጃኪ ሮቢንሰን» ማለት ማጋነን ነው ብለዋል። በዚህች ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ ግን በሌላ ምክንያት። ሮቢንሰን በ1949 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል፣ ኦሪ ለዚያ አልደረሰም። ከዚህ በላይ ደግሞ የሮቢንሰን በር ከኋላው ክፍት ሆኖ ቀርቷል። የኦሪ በር ከኋላው ተዘጋ። አጥር አልነበረም ለማለት ይህ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ኦሪ ልጅ ሳለ በ1949 ብሩክሊን ሄዶ ሮቢንሰንን አግኝቶታል። ቤዝቦልም ሆኪም እጫወታለሁ ብሎ ነግሮታል። ቤዝቦሉም ዝም ብሎ አልነበረም። በ1956 የሚልዋኪ ብሬቭስ ክለብ ጆርጂያ ግዛት ዌይክሮስ ለሙከራ ጠርቶት ሄዷል። የነጭና የጥቁር ተብሎ የተለየውን ሁሉ እዚያ በዓይኑ አየ። ሳይመረጥ ሲቀር በአውቶቡስ ተመለሰ። ሲነሳ የተቀመጠው ከኋላ ነበር። ወደ ሰሜን በተጠጋ ቁጥር ወደ ፊት እየመጣ ካናዳ ሲደርስ ፊት ተቀምጦ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤዝቦልን ትቶ ሙሉ ልቡን ለሆኪ ሰጠ።

ሦስተኛው ነጥብ የዓይኑ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ምክንያቱም ጸሐፊው «አጭበረበረ» ብለው በሁለት ዓረፍተ ነገር ያለፉት የሰውየው ሙያ ዋናው ክፍል ነው።

በ1955–56 ኪችነር ውስጥ በወጣቶች ሊግ ሲጫወት ተመትታ የመጣች ፓክ ፊቱ ላይ አረፈች። አፍንጫውና የጉንጩ አጥንት ተሰበረ። የቀኝ ዓይኑን ብርሃን ዘጠና አምስት በመቶ አጣ። ገና ሃያ ዓመቱ ነው። ሐኪሙ ሆኪ በቃህ አለው። ኦሪ ግን በወራት ውስጥ ተመልሶ በረዶ ላይ ወጣ። የደረሰበትን የሚያውቁት በጣም ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ክለቦቹ አያውቁም። ሊጉ አንድ ዓይኑን ያጣ ሰው እንዳይጫወት የሚከለክል ደንብ ስለነበረው፣ ቢያውቁ ያኔውኑ አከተመ።

የመስመር አጥቂ የት እንደሚጫወት እናስብ። ኦሪ ያኔ የግራ መስመር ተጫዋች ነበር። የግራ መስመር አጥቂ ወደ ተቃራኒ ግብ ሲንሸራተት በግራው ያለው የሜዳው ግድግዳ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ በቀኙ ነው። የመሐል አጥቂው በቀኙ ነው። ፓክ የሚያቀብለው ሰው በቀኙ ነው። ሊገጨው የሚመጣው ተከላካይም፣ ግቡም በቀኙ ነው። የእሱ የማያይ ዓይን ደግሞ ቀኙ ነው። ጨዋታው በሙሉ በጨለመበት በኩል ነበር ማለት ነው። ፓክ ለመቀበል አንገቱን በቀኝ ትከሻው ላይ አዙሮ በግራ ዓይኑ መፈለግ ነበረበት። ይህን የሚያደርገው ቆሞ አይደለም፣ በሙሉ ፍጥነት እየሄደ ነው። አንገቱን ባዞረባት ቅጽበት ከፊት የሚመጣበትን አያይም። ፊቱን ወደ ፊት ከመለሰ ደግሞ ፓኳ ታመልጠዋለች። ሁለት ዓይን ያለው ሰው በጨረፍታ የሚሠራውን እሱ በየጊዜው መርጦ ነበር የሚሠራው።

በዚያ ላይ በዚያ ዘመን የራስ ቁር የሚያደርግ ተጫዋች አልነበረም ማለት ይቻላል። የዓይን መከለያ የሚባል አይታወቅም። ግብ ጠባቂዎች እንኳ በባዶ ፊታቸው ነበር የሚቆሙት። ዣክ ፕላንት ጭንብል አድርጎ የወጣው በኖቬምበር 1959 ነው፣ ያም ፊቱ ከተተረተረ በኋላ። ኦሪ በግራ ዓይኑ ላይ አንድ ምት ቢያርፍበት ጨርሶ ይታወር ነበር። በየምሽቱ ይህን እያወቀ ነው የሚገባው።

ደንቡ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ተጫዋቹን ለመጠበቅ የወጣ ደንብ ነው። ዛሬ አንድ ልጅ እንዲህ አድርጌ ልጫወት ብሎ ቢጠይቀኝ አይሆንም እለዋለሁ። ነገር ግን ማጭበርበር የምንለው ሌላው ያላገኘውን ጥቅም ደብቆ መውሰድን ነው። ኦሪ የደበቀው ጥቅም አይደለም፣ ጉድለት ነው። ከማንም የወሰደው ነገር የለም። አደጋውም የራሱ ነበር። ጸሐፊው 4 ጎሉ ትንሽ ነው ካሉ በኋላ በዚያው ጽሑፍ ደግሞ ዓይኑን ደብቆ አታለለ ይላሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ቢያነቡት ኖሮ በአንድ ዓይን፣ በማያየው በኩል እየተጫወተ፣ በስድስት ክለብ ሊግ ውስጥ ጎሉና አሲስቱ ተደምሮ 14 ነጥብ ያገኘ አጥቂ ይታያቸው ነበር።

ወደ አራተኛው ነጥብ ስንመጣ ጽሑፉ ጨርሶ ተሳስቷል። «ከ1961 በኋላ በትንንሽ ሊጎች ተንከራተተ» ይላል።

የሆነው እንዲህ ነው። በ1961 የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ የብሩይንስ ኃላፊዎች ጥሩ ዓመት አሳለፍክ፣ ለከርሞ እንጠብቅሃለን ብለውት ነበር። ከሳምንታት በኋላ ለሞንትሪያል መሸጡን ሰማ። ሞንትሪያል ማለት ያ በኮከብ የተሞላው ቡድን ነው፣ ለአዲስ አጥቂ ቦታ የለውም። ብዙም ሳይቆይ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሎስ አንጀለስ ብሌድስ ላኩት። ብሌድስ የሚጫወቱበት ዌስተርን ሆኪ ሊግ የመንደር ሊግ አይደለም። ከኤንኤችኤል በታች ከነበሩት ጠንካራ የፕሮፌሽናል ሊጎች አንዱ ነው። ሎስ አንጀለስና ሳን ፍራንሲስኮን የመሳሰሉ ትልልቅ ከተሞች ነበሩበት። በስድስቱ ክለቦች ቦታ ያጡ፣ ደረጃቸው ግን ያልወረደ ተጫዋቾች የሚገኙት እዚያ ነበር።

ጽሑፉ የዘለለው ትልቁ ነገር እዚህ ነው። ሎስ አንጀለስ ሳለ አሰልጣኙ ከግራ መስመር ወደ ቀኝ መስመር አዛወረው። ከላይ የጻፍኩትን አሁን ገልብጡት። በቀኝ መስመር ላይ የማያይ ዓይኑ ወደ ግድግዳው ዞረ። የሚያየው ዓይኑ ወደ ሜዳው ሆነ። የሚያቀብለው ሰው፣ ተከላካዩ፣ ግቡ፣ ሁሉም በግራው መጣ። አንገት ማዞር ቀረ። ኦሪ ዱላ የሚይዘው በግራ ስለሆነ የዱላው ምላስም ወደ ሜዳው መሐል ዞሮ ለመምታት የተሻለ ማዕዘን ሰጠው። በ1964–65 ሠላሳ ስምንት ጎል አገባ። በጎል ብዛት ሊጉን መራ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አንድ ዓይን ነው ያለው፣ በሊጉ ከእሱ በላይ ያገባ የለም።

አንድ ጊዜ ያጋጠመ ዕድል እንዳይባል ደግሞ ደገመው። በ1967 ኤንኤችኤል ከስድስት ወደ አሥራ ሁለት ክለብ ሲሰፋ ሎስ አንጀለስ ኪንግስ ተመሠረተና ብሌድስ ፈረሰ። ኦሪ ወደ ሳን ዲዬጎ ገልስ ሄደ። በ1968–69 እንደገና ሠላሳ ስምንት ጎል አገባ፣ እንደገናም በጎል ቀዳሚ ሆነ። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። በዚያ ሊግ በአራት የተለያዩ ዓመታት ሠላሳና ከዚያ በላይ ጎል አስቆጥሯል። ጫማውን የሰቀለው በ1979 ሳን ዲዬጎ ውስጥ ነው፣ በአርባ ሦስት ዓመቱ። በዚያ ዕድሜ ማንም ደሞዝ እየከፈለ ለምልክት ብቻ ሜዳ አያስገባም።

«ታዲያ ክለቦቹ ሲበዙ ለምን አልተጠራም?» ማለት ይቻላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1967 ዕድሜው ሠላሳ ሁለት እየሞላው ነበር። አዳዲሶቹ ክለቦች ወጣት ይፈልጋሉ። ግን በዚያው ዓመት ከእሱ የሚበልጥ ዕድሜ ያላቸው ብዙ ነባር ተጫዋቾች በአዲሶቹ ክለቦች ሥራ አግኝተዋል። ስለ ዓይኑ ወሬ ደርሷቸው ይሁን ሌላ፣ ልብ ውስጥ ገብቼ አልፈርድም። ሊጉን በጎል የመራ አጥቂ ለአንድ ምሽት እንኳ አለመጠራቱ ግን በችሎታ ማነስ አይገለጽም።

የዝነኞች አዳራሹን በተመለከተ ረጅም ነገር የለኝም። ጸሐፊው አዳራሹ የገባው በ4 ጎል ነው ብለው ስለተነሱ ሙግታቸው ከመሠረቱ ፈረሰ። አዳራሹ የተጫዋቾች ክፍል አለው፣ ለጨዋታው ዕድገት የሠሩ ሰዎች ክፍልም አለው። ኦሪ በ2018 የገባው በሁለተኛው ነው። በተጫዋችነት ማርቲን ብሮደርና ማርቲን ሴንት ሉዊ ገቡ፣ በዚያው ጊዜ እሱ በሥራው ገባ። ሥራውስ ምንድን ነው? ጨዋታ ካቆመ በኋላ ሳን ዲዬጎ አካባቢ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ በጥበቃ ይሠራ ነበር። ኤንኤችኤል በ1990ዎቹ አጋማሽ ፈልጎ አገኘው። ከ1998 ጀምሮ ሆኪ ወዳልደረሰባቸው ሰፈሮች እየሄደ ልጆችን በረዶ ላይ ማውጣት ሥራው ሆነ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች በእነዚያ ፕሮግራሞች አልፈዋል። ይህንንም ሲሠራ ስድሳውን፣ ሰባውን፣ ሰማንያውን ዓመት አልፏል። ለስጦታ የተመረጠ ሰው ሃያ ዓመት ከከተማ ከተማ አይዞርም።

የ22 ቁጥር መለያ ነገር ይለያል፣ እሱን አልክድም። ብሩይንስ የቦቢ ኦርን 4 እና የሬይ ቡርክን 77 የሰቀሉት በጨዋታቸው ነው። 22ን በጃንዋሪ 18 ቀን 2022 የሰቀሉት ከ64 ዓመት በፊት በዚያው ቀን ለሆነው ነገር ነው። በጎል ቆጥረን ከሆነ እኩል አይደሉም። ነገር ግን ክለቡም እኩል ናቸው አላለም። ክለብ ታሪኩን የሚያስታውስበትን መንገድ መምረጥ የራሱ ነው። ይቅርታ ይባል ካልንም፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ የመጣ ይቅርታ ነው፣ ካርኔጊ ይህን አላገኘም።

የመጨረሻው ነጥብ ስለ ልጆቻችን ነው። ቶሮንቶም፣ ካልጋሪም፣ ሚኒሶታም በረዶ ላይ የሚወጡ የሐበሻ ልጆች እየበዙ ነው። ውድ ስፖርት ነው። ጫማው፣ ዱላው፣ የሜዳው ክፍያ፣ በሌሊት ተነስቶ ማድረሱ ወላጅን ያደክማል። እንዲያም ሆኖ ልጁ ቡድኑ ውስጥ ብቻውን ጥቁር ሲሆን ወላጅ የሚነግረው ነገር ይፈልጋል። ጸሐፊው ኢጊንላን ንገሯቸው ማለታቸው መልካም ነው። አባቱ ናይጄሪያዊ ናቸው። የቀኝ መስመር አጥቂ ነበር። በኤንኤችኤል 625 ጎል አግብቷል። በ2002 በጎልም በነጥብም ሊጉን መርቷል። በዚያው ዓመት በሶልት ሌክ ኦሎምፒክ ፍጻሜ ሁለት ጎል አግብቶ ካናዳ ወርቅ ወስዳለች። ከዚህ የተሻለ አርአያ የት ይገኛል?

ግን ኢጊንላ ራሱ በልጅነቱ ሌላ ሰው አስፈልጎት ነበር። ኤንኤችኤል ውስጥ ጥቁር የለም ሲሉት ግራንት ፉር አለ፣ ዋንጫ ወስዷል ብሎ ይመልስ እንደነበር ተናግሯል። ፉር በ1980ዎቹ የኤድመንተን ኦይለርስ ግብ ጠባቂ ነው። ከፉር በፊት ማርሰን አለ። ከማርሰን በፊት ኦሪ አለ። አንዱን አውጥቶ ሌላውን መንገር አያስኬድም። እናም ወላጆች፣ ኢጊንላን ንገሯቸው። ኦሪንም ንገሯቸው። ስለ ኦሪ ስትነግሯቸው ግን በ1958 አትጀምሩና በ1961 አታቁሙት። በ1964 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከግራ ወደ ቀኝ መስመር ሲዛወር ምን እንደተለወጠ፣ ከተቻለ ሜዳው ዳር ቆማችሁ፣ የልጁን ቀኝ ዓይን በእጃችሁ ሸፍናችሁ አሳዩት።